የወይራ ውሃ ድልድይ ባለቤት

አብዱልሐሊም አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ያውቀዋል። ባያውቀው እንኳ ሚስቱ ዘይነባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትነግረው ኖራለች። መርሳ ከተማ መናኸሪያ በር ላይ ከተሰለፉት ባጃጆች መካከል ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ የበላባትን ካያችሁ የሱ ናት። ግን ከባጃጇ በፊት የምትሰሙት ድምፁን ነው። ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ለምሳ በቆመ ቁጥር ከተሳፋሪው መካከል አገሩን የማያውቅ ፊት ይፈልግና፣ «መርሐባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! መርሳን ሳታዩ ልታልፉ ነው እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። የጀመረውን አውቶቡሱ ጥሩንባ ካልነፋ አይጨርስም።

በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ድረስ ተመላልሷል። ከዚያ ሥራ ይዞት የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ የወገብ ሕመምና አገር የማሳየት ፍቅር። የያኔው ሾፌር በየከተማው ሲደርሱ አንዳንድ ታሪክ ይነግረው ነበር። ታዲያ አብዱልሐሊም ኋላ ኋላ አንድ ነገር ታዘበ። ሾፌሩ ለሁሉም ከተማ ታሪክ አለው፤ መርሳ ሲደርስ ግን «እዚህ ጥሩ ማንጎ አለ» ብሎ ያልፋል። ይህ ነገር አንጀቱን አቃጠለው። ማንጎው እውነት ነው፣ ብርቱካኑም እውነት ነው፣ ግን ማንጎ ተበልቶ ያልቃል። ሰው ከመኪና ወርዶ፣ አይቶ፣ አገሩ ሲመለስ ለልጆቹ የሚያወራው ነገር ከሌለ ከተማ ምኑን ከተማ ሆነ? ፈረንጅ የጫነ መኪና ሁሉ ወደ ላሊበላ ሲከንፍ ባየ ቁጥር የተዘለለው እሱ ራሱ ይመስለው ነበር።

ታሪኩን ያገኘው ባልጠበቀው ቦታ ነው። ከመርሳ በስተምዕራብ ወደ ተራራው ግርጌ፣ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ወይራ ውሃ የሚባል መንደር አለ። ከመንደሩ በታች ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ደግሞ በአንድ ቅስት የቆመ የድንጋይ ድልድይ አለ። የደጋው ሰው ገብሱንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ ወደ መርሳ ገበያ የሚወርደው በዚያ ላይ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከጎንደር ተዛውሮ የመጣ አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ለሽርሽር ወደዚያ ይዞ ወጣ፤ አብዱልሐሊምም አብሯቸው ነበር። መምህሩ ድልድዩን አየት አደረገና፣ «የፖርቱጋሎችን ሥራ ይመስላል» አለ። መምህሩ «ይመስላል» ያለውን አብዱልሐሊም «ነው» አድርጎ ወደ መርሳ ይዞት ወረደ።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚባል ተረት አለ። አብዱልሐሊም ከተረቱ የያዘው «ጨምርበት» የሚለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ፖርቱጋሎች በዚህ በኩል አለፉ አለ። በሁለተኛው ዓመት ሰዎቹ አራት መቶ ሆኑ። በአምስተኛው ዓመት ከመካከላቸው ጢሙ ቀይ የሆነ አለቃ ተገኘ። ኋላም አለቃው አንዲት የዚሁ የሐብሩ አገር ቆንጆ ወደደ፣ እሷን ለማየት በየቀኑ ወንዝ መሻገር ቢሰለቸው ድልድዩን አሠራ፣ ኖራውም በአሥር ሺህ እንቁላል ተቦካ። ዘይነባ ይህን ስትሰማ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንተ ስታወራው ድልድዩም እየረዘመ ነው» ትላለች።

የወይራ ውሃ ሰዎችስ ምን ይላሉ ትሉ ይሆናል። ምንም። አብዱልሐሊም አንድ ሁለት እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር እርጎ ያወጣሉ፣ ጊዜው ከሆነ እሸት ይቆርጣሉ፣ እሱ ሲተርክ ደግሞ መሬት መሬቱን እያዩ ይሰማሉ። በዚያ አገር ደንብ እንግዳ ይዞ የመጣን ሰው እንግዳው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት ትልቅ ነውር ነው። ሰውየውን ብቻ ሳይሆን እንግዳውንም ማሳፈር ነው። እንግዳው ከሄደ በኋላስ? ከሄደ በኋላማ ምን ያደርጋል፣ ነገሩ አልፏል። ዝምታቸውን አብዱልሐሊም ስምምነት ነው ብሎ ያዘው። ሌላ አገር ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አንዱ ይስቅበትና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እዚህ ግን ሠላሳ ዓመት ቆየ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና እንግዳ ቀርቶ የአገሩም ሰው ተበተነ። አብዱልሐሊም ከተሰደደበት ሲመለስ ባጃጇን ያለ ጎማ፣ ገበያውን ያለ ሰው አገኘው። ውሎ አድሮ ባጃጇም ጎማ አገኘች፣ ገበያውም ሞላ። ድልድይ አያለሁ የሚል እንግዳ ግን ዓመታት አልፈውም ብቅ አላለም።

በዚህ መሐል ነው ማህሌት የመጣችው። ማህሌት ወልዲያ ተወልዳ ያደገች፣ በአንዲት ሚኒባስ ጎብኚ የማመላለስ ሥራ የጀመረች ወጣት ናት። አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባሷን አቆመችና በመስኮት ብቅ አለች።

«ጋሽ አብዱ፣ የምሥራች! በሚመጣው ገበያ አንዲት እንግዳ አመጣልዎታለሁ። ከየት እንደሆነች ይገምቱ።»

«ከጀርመን?»

«ከፖርቱጋል!»

አብዱልሐሊም ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ማህሌት እየሳቀች ወረደችና ነገሩን አስረዳችው። ሴትዮዋ ፊሎሜና ትባላለች። ሰሜን ፖርቱጋል ውስጥ ባለች አንዲት አሮጌ የገበያ ከተማ ያደገች፣ አሁን ጡረታ የወጣች ናት። በአገሯ ሰው ያንን ገበያና በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ለማየት ከሩቅ ይመጣል። «እኔም፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ገበያ አለ፣ ለዚያውም የናንተ ሰዎች የሠሩት ድልድይ አለ ብዬ ጻፍኩላት። ላሊበላ ከመግባቴ በፊት መርሳ መዋል አለብኝ ያለችው ለዚህ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደስ ብሏት ከተመለሰች፣ ወደ ላሊበላ የምወስዳቸውን ሁሉ በየገበያው ቀን እዚህ አሳርፋለሁ። ገበያውን ያያሉ፣ መንደር ይወጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ ማን ያምነኛል? ስሜን ያስያዝኩት በርስዎ ድልድይ ነው።»

«በኔ ጣይው ልጄ» አለ አብዱልሐሊም። «ወላሂ፣ የአያቶቿን እጅ በአገሬ ላይ አሳያታለሁ።»

ገበያው ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ወይራ ውሃ ወጣ። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መንገድ እሾህ ወርሶት ነበርና በገጀራ ይመነጥር ጀመር። ገና ላቡን ሳይጠርግ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ ከላይ ሲወርዱ አየ። እማማ የሺ ናቸው። ሰማንያ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቤታቸው ከድልድዩ በላይ ካለው ዋንዛ አጠገብ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእንግዶቹ እርጎ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከእርጎው ሌላ የሚሰጡት ነገር ይኖራል ብሎ አብዱልሐሊም አስቦ አያውቅም።

«እንደምን ዋልክ አብዱ?»

«አልሐምዱሊላህ። እንደምን ዋሉ እማማ የሺ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? ጉልበትዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቱ ሄዷል፣ እኔ አለሁ።» ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ባለቤቷ ልትመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«የምኑ ባለቤት?»

«የድልድዩ ነዋ። የፖርቱጋል ሰው ናት አሉ።»

አብዱልሐሊም ሳቀ። «አዎን፣ የአያቶቿን ሥራ ልታይ ነው የምትመጣው።»

እማማ የሺ አልሳቁም። «እስከ ዛሬ ለጀርመኑም ለጃፓኑም ስታወራ ዝም ብያለሁ። እንግዳ ነው፣ ይደሰት፣ ወሬውን ይዞ ይሂድ፣ ድልድዩ እንደሆነ እዚሁ ነው እያልኩ። አሁን ግን ለፖርቱጋሏ ‹ያንቺ ነው› ልትላት ነው። እሷስ እሺ ብላ ብትቀበልህ? ለባለቤቱ የሰጡት ነገር አይመለስም አብዱ።»

«ኧረ እማማ የሺ! ድልድይ ተሸክማ አትሄድ።»

«ድንጋዩን አላልኩህም» አሉና ምርኩዛቸውን ወደ ቅስቱ ቀሰሩ። «ያንን የሠራው አባቴ ነው።»

አብዱልሐሊም ገጀራውን እንደያዘ ቀረ። እማማ የሺ ሳይቸኩሉ አወሩለት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በሐምሌ ወር ከመርሳ ገበያ ሲመለሱ የነበሩ ባልና ሚስት ከሦስት አህያ ጋር ወንዙ ወሰዳቸው። የእማማ የሺ አባት ገዛኸኝ፣ ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲሠራ በግዳጅ ተወስዶ ድንጋይ መጥረብ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ለቅሶው ላይ ተነስቶ ቆመና፣ «ከእንግዲህ ገበያ የሄደ ሰው እዚህ አይሞትም» አለ። ከዚያ ሁለት በጋ መንደሩ ጅጌ እየወጣ፣ አንዱ ድንጋይ እያጋዘ፣ አንዱ እየጠረበ፣ ያለ ማንም ክፍያ ተሠራ። ትንሿ የሺ ኖራ ለሚያቦኩት ሰዎች ውሃ ታመላልስ ነበር።

«እንቁላሉስ?» አለ አብዱልሐሊም፣ ሌላ የሚለው ቢጠፋው።

«የምን እንቁላል? እንቁላልማ ገበያ ወርዶ ጨው ይገዛበታል እንጂ ማን ድንጋይ ላይ ይሰብረዋል!» አሉ እማማ የሺ ተቆጥተው። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አባቴ መቃብሩ ላይ ስሙን የጻፈለት የለም። ያለው ድንጋይ ይኸው ነው። አንድ ቀን፣ እንግዳ ፊት፣ ስሙን ጥራልኝ። እኔ እንደሆንኩ እንግዳ ፊት አላሳፍርህም፤ ዝም ነው የምለው፣ ታውቀኛለህ።»

ወደ መርሳ ሲመለስ መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር። ቤቱ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ሁሉንም ለዘይነባ ነገራት። «ሠላሳ ዓመት ዝም ብለው ሦስት ቀን ሲቀረው! ሴትዮዋ የአገሯን ሥራ ልታይ ብላ ባሕር አቋርጣ መጥታ፣ ‹ይቅርታ፣ ወይራ ውሃ ያለ ገበሬ ነው የሠራው› ልበላት? ማህሌትስ? ከተማውስ? እንዲያ ካልኩ ማን ነው ለአንድ የገበሬ ድልድይ ብሎ ከመኪና የሚወርደው?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች ዘይነባ ማንጎ እየለቀመች።

«እኔ ላይ ነው እንዴ የሚነጋው?»

«ታዲያ ያመሸኸው አንተ አይደለህ?»

በነጋታው ግን አንድ ዘዴ አገኘ፤ ለራሱም ብልህ ዘዴ መሰለው። የፖርቱጋሎቹን ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ ለፊሎሜና ይነግራታል፣ ሴትዮዋ ተደስታ ትሄዳለች፣ ማህሌትም ትታመናለች። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ የገዛኸኝን ስም ይጠራል። እማማ የሺ ይህን ያህል ከጠበቁ አንድ ገበያ ቢጨምሩ ምን ይላቸዋል? እንዲህ ብሎ ለራሱ ማለ።

ፊሎሜና አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ፍጹም የነጣ፣ እጆቿ ለሴት ከሚጠበቀው በላይ ሰፋፊ የሆኑ ሴት ናት። ገበያው ውስጥ እንደ ሌላው ፈረንጅ ካሜራ ደቅና አልተንከራተተችም። ገባችና ገበያተኛ ሆነች። ከቆላ የወጣውን የፍየል መንጋ ጥርሱን ካላየሁ አለች። ከደጋ የመጣውን የባና ብርድ ልብስ በሁለት ጣቷ እያሸች ጥጥ ይሁን ሱፍ መረመረች። ዘይነባ ማንጎ መዝና ከሰጠቻት በኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ማንጎ በላዩ ጨመረችላት። ፊሎሜና ደንግጣ ገንዘብ ልታወጣ ስትል ማህሌት ያዘቻትና፣ ምራቂ ነው፣ በላዩ የሚጨመር ነው ብላ አስረዳቻት።

ፊሎሜና ጮክ ብላ ሳቀች። ማህሌት የምትለውን እየተከተለች ተረጎመችው። የሷ ከተማ ገበያ ወንዝ ዳር ነው የሚቆመው፣ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው ማንም በትክክል አያውቅም። በዙሪያው ካሉት መንደሮች ሴቶች ዶሮና ሽንኩርት ይዘው ይወርዳሉ። እናቷም ባቄላ ስትሸጥ ከመዘነች በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምር ነበር። «ለዚህች እፍኝ ብለው ነው ሁልጊዜ ወደኔ የሚመለሱት ትል ነበር እናቴ።»

«ልክ ናት!» አለች ዘይነባ፣ የምታውቃት ሴት ያህል እየሳቀች። አብዱልሐሊምም ሳቀ፤ ግን ሳቁ እንደወትሮው አልወጣለትም። ሴትዮዋ ይህን ያህል የምትወደድ ትሆናለች ብሎ አላሰበም ነበር። ለማይወደድ ሰው መዋሸት ይቀላል።

አብዱልሐሊም ፊሎሜናንና ማህሌትን በባጃጇ ይዞ ወደ ወይራ ውሃ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ማሽላው፣ በሩቅ ስለሚታየው ተራራ አወራ፤ ስለ ድልድዩ ግን ትንፍሽ አላለም። ሲደርሱ የመንደሩ ሰው ዋንዛው ሥር ተሰብስቧል። እማማ የሺ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እርጎውም በአጠገባቸው ነው። እንግዳዋን ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ዝም አሉ።

ፊሎሜና ድልድዩ መሐል ላይ ቆመች። ማህሌት አብዱልሐሊምን በዓይኗ ጀምር አለችው።

«የዛሬ አምስት መቶ ዓመት» ብሎ ጀመረ። ይህን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለው አላህ ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ አራት መቶዎቹ ወታደሮች ይመጣሉ፣ ከዚያ ቀይ ጢሙ አለቃ። ግን ሠርቶት የማያውቀውን አንድ ነገር ሠራ፤ እያወራ ሳለ የሚሰሙትን ሰዎች አየ። ሁሉም መሬት መሬቱን እያዩ ነው። እማማ የሺም እንደ ሌላው ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድ ጣታቸውን በምርኩዙ ራስ ላይ እያሽከረከሩ ነው። ቀና ብለው ቢያዩት፣ ቢገላምጡት፣ ቢሳደቡት ይሻለው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚስማሙ የመሰሉት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሱ እያፈሩለት እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

«አይደለም» አለ።

ማህሌት ልትተረጉም የከፈተችውን አፍ ዘጋች። «ምኑ ነው ያልሆነው?»

«የዛሬ አምስት መቶ ዓመት አይደለም። ፖርቱጋሎችም አይደሉም። ተርጉሚላት ልጄ። ይህን ድልድይ የሠራው ገዛኸኝ የሚባል የዚህ መንደር ሰው ነው። እኚህ ሴት ልጁ ናቸው። እኔ ውሸታም ነኝ። ለሷ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ዋሽቻለሁ።»

«ጋሽ አብዱ» አለች ማህሌት በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ምን እያደረጉኝ ነው?»

«አውቃለሁ። አንቺን ጎድቻለሁ፣ እክሳለሁ። አሁን ግን ተርጉሚላት።»

ማህሌት ተረጎመች። ፊሎሜና ከድልድዩ ወረደችና ጫማዋን አውልቃ ወደ ወንዙ ገባች፣ ቅስቱ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየች፣ ድንጋዮቹን በሰፋፊ እጆቿ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አብዱልሐሊም ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ሴትዮዋ ቀሚሷ ረጥቦ ስትመለስ ግን ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል አልነበረም።

«እኔኮ ከባጃጁ እንደወረድኩ አውቄዋለሁ» አለች በማህሌት አፍ። «የግንበኛ የልጅ ልጅ ነኝ። ይህ የመሮ ምት ከእናቴ ዕድሜ አይበልጥም። በሰው አገር በእንግድነት መጥቼ፣ የሚያስተናግደኝን ሰው ጎረቤቶቹ ፊት ተሳስተሃል ብዬ ባሳፍረው ነውር ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ማህሌት ይህን ስትተረጉም ዋንዛው ሥር የተቀመጡት ሁሉ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። ሠላሳ ዓመት የታመቀ ሳቅ ነው። አንድ ሽማግሌማ ጎናቸውን ይዘው፣ «ይቺስ የኛው ናት!» አሉ። አብዱልሐሊም በራሱ ላይ ሲሳቅ ሰምቶ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አብሯቸው ሳቀ።

ፊሎሜና ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። በእነሱም ከተማ አንድ ድልድይ አለ። ሮማውያን ሠሩት ይባላል፣ ጎብኚው ሁሉ እሱን ፎቶ ለማንሳት ይመጣል። ግማሹን ግን አንድ ክረምት ጎርፍ ወስዶት አያቷና ጓደኞቹ ናቸው መልሰው የገነቡት። «አስጎብኚው ሁሉ ሮማውያን፣ ሮማውያን ይላል። አያቴ በሕይወቱ ሳለ ይህን እየሰማ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ብሏቸው ያልፍ ነበር። አንድም ሰው ስሙን ጠርቶለት አያውቅም። አንቶኒዮ ነበር ስሙ።»

እማማ የሺ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ። «አንቶኒዮ» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሱን በገነት ያኑራት። የድንጋይ ሥራ ደረት ይበላል፤ አባቴንም የገደለው እሱ ነው።»

ማህሌት ተረጎመች። ፊሎሜና ስሙን አስደገመችና፣ «ገዛኸኝ» አለች፣ እየተጠነቀቀች፣ እጇን ድልድዩ ላይ አድርጋ። እማማ የሺ አለቀሱ። ማልቀሳቸውንም አልደበቁም፤ ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ድልድዩ ላይ ቆሙ።

ማህሌት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ አብዱልሐሊምን ወደ ጎን ሳበችው። «እንግዲህ የፖርቱጋሎች ድልድይ ብዬ ያሳተምኩትን የማስታወቂያ ወረቀት ሁሉ ልጥለው ነው» አለች። የተቆጣች ለመምሰል ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ፊሎሜና አሁን ነገረችኝ፤ ከከተማዋ የጎብኚዎች ማኅበር ስምንት ሰው በጥር ወር እንድቀበል ትፈልጋለች። ይህንን ታሪክ ለነሱ ልትነግራቸው ነው። እስከዚያ እርስዎ በደንብ ይማሩት። አንድ እንቁላል እንዳይጨምሩ!»

አብዱልሐሊም ደረቱ ቀለለው። ሲቀለው ደግሞ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ወዲያው ድልድዩ መሐል ወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማህሌት፣ ተርጉሚላት! ገዛኸኝ ብቻውን፣ በሁለት እጁ፣ ይህን የሚያህል ድንጋይ እየተሸከመ...» ብሎ ጀመረ።

«ተው አብዱ!»

ሁሉም ዞረው አዩ። እማማ የሺ ናቸው፤ እንግዳ ፊት ነው፤ ግን ከእንግዲህ እንግዳ የለም መሰል። «ብቻውን አይደለም። ብቻውን ድልድይ የሠራ ሰው የለም። ጠራቢው አባቴ ነበር። ድንጋዩን ከተራራው ያወረዱት አለሙና ሲራክ ናቸው፣ ወንድማማቾች ነበሩ፣ ሲራክ በዚያው እግሩ ተሰብሮ እስኪሞት አንክሷል። ቅስቱ የተገነባበትን እንጨት ያቆመው ሁሴን ነው። ኖራውን ያቃጠለው ደግሞ ይመር ነው። ሁለት በጋ እቶኑ አጠገብ ነው ያደረው። ዓይኑ እስኪጠፋ።» እማማ የሺ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አያትህ።»

«የማን አያት?» አለ አብዱልሐሊም።

«ያንተ ነዋ። እናትህ ፋጡማ ከዚህ መንደር ተድራ አይደለም እንዴ መርሳ የወረደችው? የይመር ልጅ ናት። አንተ አታስታውሳትም፣ ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተችብህ፤ ስለ ወገኗ የነገረህ ሰውም ያለ አይመስለኝም። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አባቷን እጁን ይዛ እዚህ ድልድይ ላይ ታመጣው ነበር። ድንጋዩን እየዳሰሰ ይቀመጣል።»

ማህሌት አልተረጎመችም፤ ፊሎሜናም አልጠየቀችም። አብዱልሐሊም እጁን ወደ ድልድዩ ጠርዝ ዘርግቶ፣ ከድንጋዩና ከድንጋዩ መሐል ያለውን የደረቀ ነጭ ኖራ ነካው። ሠላሳ ዓመት በላዩ ላይ ቆሞበታል፣ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አለ እጁን ከኖራው ሳያነሳ። «እንግዳው ሲሄድ እንኳ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ትነግረን ነበር እንጂ መች ጠይቀኸን ታውቃለህ?» አሉ እማማ የሺ። ክፋት የለውም አነጋገራቸው፤ ልጅን እንደሚመክሩት ነው።

አብዱልሐሊም እማማ የሺን ደግፎ ዋንዛው ሥር አስቀመጣቸው። መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«አሁን ጠየቅኩዎ፣ እማማ የሺ» አለ። «ይመር ምን ዓይነት ሰው ነበር?»